የአምባሳደር ወዳጆ ደርሶ መልስ

አገር ሳይረግጥ አገር የሚያስመርጥ ሰው የሌለበት ሰፈር፣ ሰፈር አይባልም። ዳቦ ቤት ይኑረው፣ እድር ይኑረው፣ ታክሲ ተራም ይኑረው፤ ከቦሌ ድልድይ ማዶ አልፎ የማያውቅ፣ ግን የለንደንን ዝናብ በሰዓቱ የሚነግራችሁ ሰው ከሌለው፣ ገና ሰው አልሰፈረበትም ማለት ነው። እናንተም ሰፈር አንድ አይጠፋም። የእኛው ወዳጆ ይባላሉ።

ሙሉ ማዕረጋቸው ክቡር አምባሳደር ወዳጆ ነው። ሹመቱን የሰጠናቸው እኛ ነን። ኤምባሲያቸው ኡራኤል፣ ከታክሲ ማቆሚያው ጀርባ፣ የአሚና ሻይ ቤት ውስጥ ከበሩ በስተቀኝ ያለችው ወንበር ናት። ለትምህርትም ይሁን ለስብሰባ ባሕር ማዶ የሚሻገር ሰው፣ እዚያች ወንበር ፊት ሳይቀርብ አይሄድም። ቢሄድም እየተሳቀቀ ነው።

«አምባሳደር፣» ትላቸዋለች አሚና ጠረጴዛውን እየወለወለች፣ «ኤምባሲው ዛሬ ሻይ ያዛል ወይስ ስብሰባ ብቻ ነው?»

«ሻዩ ሲመጣ ስብሰባው ይከፈታል።»

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ሠላሳ አንድ ዓመት ትኬት ቆርጠዋል። አዋሽ፣ ድሬዳዋ፣ ጅቡቲ፤ ከዚያች ጠባብ መስኮት ጀርባ ሆነው ስንቱን ሙሽራ፣ ስንቱን ነጋዴ፣ ስንቱን ኮብላይ እንደሸኙ እግዜር ይቁጠረው። እርሳቸው አንድም ቀን አልተሳፈሩም። አልፎ አልፎ አንድ ደፋር ይመጣና «ለመሆኑ እርስዎ የት የት ሄደዋል?» ይላቸዋል። መልሳቸው ያው ነው፤ «ትኬት ቆራጭ አይሳፈርም።» ይህን ሲሉ ሻያቸውን ያማስላሉ። ስኳሩ ግን ከሟሟ ቆይቷል።

እኔ ደግሞ የባቡር ነገር ሲነሳ ሆዴ የሚባባ ሰው ነኝ። እሳቸው ሲያማስሉ እኔ በልቤ አንጎራጉራለሁ፦

ባቡሩ ተጓዘ ጭሱን ለእኔ ትቶ፣
ሸኚ ምን ይዞ ይግባ ልቡን ለሰው ሰጥቶ።

የአምባሳደሩ ከተማ አመራረጥ ከማንም አይገጥምም። ሐውልት አያዩም፣ ሙዚየም አያዩም። ስልካቸውን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው የመንገዱን ፎቶ በሁለት ጣት ያሰፋሉ። የሚፈልጉት አግዳሚ ወንበር ነው። ወንበሩ ከተገኘ ደግሞ ላዩ ላይ አሮጊት መኖር አለባት።

«አሮጊት የማትቀመጥበት ከተማ፣» ይላሉ፣ «ልጅ ይዘው አይሄዱበትም። የመንገድ ካሜራ ልጅ ሲወድቅ ያያል። አሮጊት ግን ታነሳዋለች።»

ሽሻይ የሚባል ወዳጃችን ለሦስት ቀን ሥልጠና ብራስልስ ተልኮ ነበር። አምባሳደሩ አንድ አደራ ሰጡት፤ የወንበሩን ነገር አጣርተህ ና። የታዘዘውን የማያጓድል ሰው ነውና የአሥራ አራት አግዳሚ ወንበሮች ፎቶ ይዞ ተመለሰ። ሚስቱ ስልኩን ስታገላብጥ ቆይታ፣ «አውሮፓ ድረስ ሄደህ ያየኸው መቀመጫ ነው?» አለችው። እስከ ዛሬ ያንን ታነሳበታለች።

ባለፈው ሰኔ ፍሬሰላም ወደ ኤምባሲው መጣች። ነርስ ናት፤ ካዛንቺስ ሳለን ጎረቤቴ ነበረች። ቤቶቻችን ሲፈርሱ ጎረቤትነታችን አብሮ አልፈረሰም። አሁን ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይታ ከልጆቿ ጋር ትኖራለች። ጀርመን ያለው ወንድሟ ተስፋለም «እኔ ያለሁበት የፋብሪካ ከተማ ነው፣ ልጅ አያጫውትም። ሰላም ያለበት፣ ለልጆች የሚሆን ከተማ አንቺ ምረጪና ክረምት ላይ እዚያ እንገናኝ» ብሏት ነበር።

«ማለቴ፣ ጋሼ ወዳጆ፣ ሁለት ሳምንት ነው። በቃ ልጆቹ እንዳይጨነቁብኝ።»

«ዕድሜ?»

«ኢያቄም አራት፣ ልዩ ሰባት።»

አምባሳደሩ መነጽራቸውን ጠረጉ። ሦስት ቀን ሙሉ አውሮፓ በአሚና ጠረጴዛ ላይ ተዘርግታ ዋለች።

እኔ የከተማ ስም ሲጠራ ዜማው ቀድሞ የሚሰማኝ ነኝና «ፓሪስ» አልኩ።

«ፓሪስ ሰው ሁሉ ሽቅብ ነው የሚያየው። ልጅ የሚጠፋው ቁልቁል ነው።»

«ቬኒስ።»

«ውሃ ላይ ኳስ አንጥረህ ታውቃለህ?»

አምስተርዳም በብስክሌቱ ወደቀች። ሮማ መኪናዋ እንደ ሜክሲኮ አደባባይ ነው ተብላ ተመለሰች። ኮፐንሃገን ብዙ አከራከረች፤ እናቶች ሕፃን በጋሪ ከካፌ ውጭ ትተው ይገባሉ ሲባል አምባሳደሩ በመገረም ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከዚያ ግን «የማን ልጅ ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከሌለ፣ ሌባ ስለሌለ ብቻ ምን ዋጋ አለው?» ብለው በይደር አቆዩዋት።

በአራተኛው ቀን ፍሬሰላም ሻይዋን ሳትነካ ተነፈሰች።

«ጋሼ፣ ችግሩ ከተማው አይደለም። ልዩ አልሄድም ብላለች።»

«ለምን?»

«ካዛንቺስ ቤታችን ሊፈርስ ሲል፣ እንዳታይ ብዬ ለሳምንት አክስቷ ጋ ሰደድኳት። ስትመለስ ቤቱ የለም። ደህና ያደረግኩ መስሎኝ ነበር። አሁን ሻንጣ ካየች አልጋ ሥር ትገባለች። ‹ከሄድን ይፈርሳል› ነው የምትለው። እኔ ነኝ ያስተማርኳት።»

አሚና መጥረጊያዋን እንደያዘች ቆመች። አምባሳደሩ ስልካቸውን ገለበጡት። ኤምባሲው ከተከፈተ ጀምሮ ያ ስልክ በፊቱ ሲደፋ አይቼ አላውቅም።

«ነገ ይዘሻት ነይ፣» አሉ።

በማግስቱ ልዩ እጇን አጣጥፋ ፊታቸው ቆመች። ኢያቄም እናቱ ጭን ላይ ሆኖ ብስኩት ይበላል።

«ወይዘሪት ልዩ፣» አሉ አምባሳደሩ፣ «በስምሽ የሚጠራ ከተማ እንዳለ ነግረውሻል?»

«የለም።»

«አንብቢያ።»

ስልኩን ዘረጉላት። ልጅቷ ፊደሎቹን በጣቷ እየነካች አነበበች፤ «ል… ዩ… ብ… ል… ያ… ና።»

«በእኛ ሰፈር አፍ ‹ልዩ ብላ፣ ና› ነው። ‹ልዩ› ብላ የምትጣራ ከተማ።»

ሰምና ወርቅ ስሰማ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ከዚህ የቀለለ ወርቅ ቆፍሬ አላውቅም። የልጅቷ እጅ ግን ተፈታ። አምባሳደሩ ፎቶውን አሰፉ። መሀል ከተማው መኪና አይገባበትም። ወንዝ ዳር አግዳሚ ወንበር አለ። ወንበሩ ላይ ሁለት አሮጊቶች አሉ፤ አንዷ ውሻ ይዛለች።

«ድልድዩ ላይ ደግሞ ዘንዶ አለ፣» አሉ ወደ ኢያቄም ዞረው።

«ጊዮርጊስስ?» አለ ኢያቄም አፉ ሙሉ እንደሆነ።

«ጊዮርጊስ ወደ እኛ መጥቶ የለ? ለእነሱ ዘንዶው ቀረላቸው።»

ሁላችንም ሳቅን። ልዩ ብቻ አልሳቀችም። «ስንመለስስ?» አለች።

አምባሳደሩ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ጠርዙ የተላጠ ወፍራም የካርቶን ትኬት አወጡ፤ ከለገሃር መስኮት የተረፈ።

«ምን ይላል?»

«ደር… ሶ መልስ።»

«ምን ማለት ነው?»

«መሄድ እና መምጣት።»

«መሄድማ በመሄጃ ትኬትም ይኬዳል። ደርሶ መልስ ማለት፣ አንቺ እስክትመለሺ የተነሳሽበት ጣቢያ ቦታውን አይለቅም ማለት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ቆርጫለሁ። ደርሶ መልስ ይዞ ሄዶ ጣቢያውን ያጣ ሰው የለም።» ትኬቱን ከመሀሉ ቀደዱት። «ግማሹ አንቺ ጋ፣ ግማሹ እኔ ጋ። እኔ በራችሁ ላይ እቀመጣለሁ።»

«ሁለቱንም ሳምንት?» አለች አሚና።

«ኤምባሲው ተዛውሯል።»

ልዩ ግማሿን ትኬት አገላብጣ አየች። «ሲርብዎትስ?»

«ይሄ አለ፣» አሉ ወደ እኔ በአገጫቸው እያመለከቱ። በዚህ ዓይነት የኤምባሲው ዳቦ አቅራቢ ሆኜ ተሾምኩ።

ቪዛው መጣ፣ ሰዎቹም ሄዱ። የነሐሴ ዝናብ ቂርቆስን ሲወቅጣት አምባሳደር ወዳጆ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ጥቁር ጃንጥላ እንደ ባንዲራ ተክለው ዋሉ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የበሩን ፎቶ አንስተው ለፍሬሰላም ይልካሉ። በእያንዳንዱ ፎቶ ጥግ ላይ አውራ ጣታቸው አለ።

አከራይዋ ወይዘሮ ጀማነሽ መጀመሪያ ተጠራጥረው ነበር። «ሰውየው ምንድን ነው የሚጠብቀው?» አሉኝ።

«ቤቱን።»

«ከምን?»

«ከመጥፋት፣» አሉ አምባሳደሩ ራሳቸው ከበርጩማቸው ላይ። ወይዘሮ ጀማነሽ ትንሽ አሰቡና ትራስ አመጡላቸው።

ከልዩ በየቀኑ የድምፅ መልእክት ይመጣል። «አባባ ወዳጆ፣ ዛሬ አምስት አሮጊት ቆጠርኩ። አንዷ የጫማዬን ክር አሰረችልኝ። ቋንቋዋ አይገባም። ቤታችን አለ?» አምባሳደሩ ይህን ሰባት ጊዜ አሰሙኝ። በሰባተኛው «አላልኩህም?» አሉኝ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው አልሞላም።

በዘጠነኛው ቀን ዝናቡ ሲበረታ ዳቦዬን ይዤ ከጃንጥላቸው ሥር ገባሁና፣ ዓመታት ሙሉ ሁላችንም በቀልድ የጠየቅነውን የምሬን ጠየቅኋቸው። ለምን አልተሳፈሩም?

«እናቴ ዓይኗ አያይም ነበር፣» አሉ። «ከሥራ ስመለስ በሩን እየዳበሰች ነበር የምትጠብቀኝ። አንድ ቀን ባድር ማን ያያታል? ከዚያ እሷም ሄደች፣ ባቡሩም ቆመ።» ዳቦውን ለሁለት ገምሰው ግማሹን ሰጡኝ።

የመመለሻው ቀን ልዩ ከታክሲው ወርዳ እናቷንም እኛንም አልፋ ሄደች። መጀመሪያ በሩን ነካች። ከዚያ ግድግዳውን እስከ ማዕዘኑ በመዳፏ እየዳሰሰች ሄዳ ተመለሰች። ፍሬሰላም ሻንጣው ላይ ተቀምጣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ እኔ ሌላ ሌላውን አየሁ።

ልዩ ከኪሷ ቸኮላታ የነካው ግማሽ ትኬት አወጣች። አምባሳደሩ ግማሻቸውን አወጡ። ገጠሙ።

«በሉ አሁን እርስዎ ይሂዱ፣» አለች።

«የት?»

«ወደ ፈለጉበት። ወንበርዎን እኔ እጠብቃለሁ።»

የለንደንን ዝናብ በሰዓቱ የሚያውቁት፣ የአውሮፓን ከተሞች አንድ በአንድ አቁመው የፈተኑት ክቡር አምባሳደር፣ ትልልቅ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ጄኔቫ ወይ ሮማ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ፣

«ድሬዳዋ፣» አሉ ቀስ ብለው። «ለስንቱ ትኬቷን ቆርጬ… አላየኋትም።»

«አግዳሚ ወንበር አላት?»

«አላውቅም።»

ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እንዴት ያምርባቸዋል።

ትምህርት ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው አምባሳደሩን በአዲሱ ባቡር ሸኘናቸው። ኮታቸውን በካውያ ተኩሰው፣ የትኬቱን ግማሽ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከትተው ነበር። ሲሳፈሩ እግራቸው ደረጃው ላይ ትንሽ ቆመ። ልዩ ከታች ሆና የራሷን ግማሽ ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። ገቡ።

በማግስቱ ልዩ ኡራኤል፣ አሚና ሻይ ቤት፣ ከበሩ በስተቀኝ ባለችው ወንበር ላይ ተሰየመች። እግሯ መሬት አይደርስም። እኔ ከአጠገቧ ዳቦ ይዤ ተቀምጫለሁ፤ ከሹመቴ የሻረኝ የለም።

«ኤምባሲው ዛሬ ሻይ ያዛል?» አለች አሚና።

«ጁስ፣» አለች ልዩ።

ቀትር ላይ ስልኬ ጮኸ። ፎቶ ነው። ትልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ አግዳሚ ወንበር፣ ከጥጉ የምናውቀው አውራ ጣት። ልዩ ስልኩን ከእጄ ወስዳ አፍንጫዋ ድረስ አስጠጋችና በሁለት ጣቷ አሰፋችው። ረጅም ጊዜ አየች። ከዛፉ ጥላ ውስጥ፣ ከወንበሩ ጫፍ ላይ፣ ብርቱካናማ ሻሽ ያሰሩ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል።

«አለች፣» አለች።