«መጣሁ» ብሎ የሚሄድ ሰው

ኅዳር ስድስት ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ጎረቤቴ ወርቁ «መጣሁ» ብሎኝ ሄደ።

አንባቢ ሆይ፣ እየሄዱ «መጣሁ» ማለት ምን ማለት ነው? እዚህ ሚዛን ተፈሪ ባለሱቅ ሲለው ምሳ ሊበላ መዝጋቱ ነው፤ የቢሮ ሹም ሲለው ነገ ተመለሱ ማለቱ ነው። ልጄ ከአዲስ አበባ በስልክ ስትለው ለፋሲካ ማለቷ ነው፤ ለየትኛው ፋሲካ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ዳማ የሚያጫውተኝ ወርቁ ብቻ ነበር። የዚያን ቅዳሜ በጨዋታችን መካከል የወርቁ ልጅ ቴፒ ወስዶ ከራሱ ጋር ሊያኖረው መኪና ይዞ ደረሰ።

«መጣሁ! ጠጠሮቹን እንዳትነካካ፤ አውቅሃለሁ!» አለኝ ወርቁ።

«ከነፍራሽህ ነው እንዴ የምትመጣው?» አልኩት፤ ፍራሹ መኪናው ላይ ታስሮ ነበርና።

«መጣሁ አልኩህ እኮ!»

ጠጠሮቹን አልነካሁም። የትኛውን «መጣሁ» እንዳለኝ እስካሁን አልታወቀም፤ ተራው ግን የእሱ ነው።