ፔህልዋን ሻምሼርና የፈረሱ መርፌ

ሳይማር ሐኪም የሆነ ጎረቤት የሌለበት ሰፈር በዓለም ላይ የለም። በጉጅራንዋላ ከተማ ያለው የእኛው ሰፈር ክቡር ፔህልዋን ሻምሼርን ታድሏል። በእኛ ከተማ “ፔህልዋን” የሚባለው ትግል ገጥሞ የጣለ ሰው ነው፤ እሳቸው ግን ከብረት በቀር ማንንም ሲያነሱ ያየ የለም።

ጡንቻ ማፋፊያ መርፌያቸውን የሚገዙት ከከብት መድኃኒት ቤት ነበር። ጠርሙሱ ላይ ፈረስ ተስሏል።

“ኧረ ፔህልዋን፣ ይሄ እኮ የእንስሳ ነው!” አልኳቸው።

“አንተ ሲባጎ! ፈረስ የልብ ሐኪም ጋ ሲሄድ አይተህ ታውቃለህ?”

ጀርባቸው ብጉር በብጉር ሲሆን “መርዙ እየወጣ ነው” አሉ። ጡት ሲያቆጠቁጡ “ደረት ነው፣ አታፍጥ!” አሉ። ወተት ሻጩ ፈገግ ቢልባቸው ጋኑን ከነወተቱ ጣሪያ ላይ ሰቀሉበት፤ ወዲያው ደግሞ አቅፈውት አለቀሱ። ለእኔ ግን በየጠዋቱ ሞተር ብስክሌቴን በአንድ እጃቸው አንስተው የሰፈራችንን ቦይ ያሻግሩልኝ ነበር። “አንድ፣ ሁለት፣ ሆፕ!”

አንድ አርብ ደረጃ ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው ወደቁ። ከሆስፒታል በወጡ ማግስት በየቤቱ ላዱ ማደል ጀመሩ። ላዱ እኛ ዘንድ ልጅ ሲወለድ ወይም ፈተና ሲታለፍ የሚታደል ጣፋጭ ነው።

“እንኳን ደስ አለህ በለኝ! ሐኪሙ ልብህ ተልቃለች አለኝ። ልብም ጡንቻ ናት አላልኩም?”

ላዱው አፌ ውስጥ እንዳለ ባለቤታቸው ሩክሳና ከኋላ ደረሰች።

“‘መርፌውን ካልተውክ ይህች ልብ ለረመዳን አታደርስህም’ ነው ያለው! ይሄ ሰውዬ ‘ተልቃለች’ የምትለዋን ብቻ ይዞ ወጣ!” ብላ እንባዋን ጠረገች።

ፔህልዋን የላዱውን ትሪ አስቀምጠው ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። “ሰምቻለሁ” አሉ በቀስታ። “ግን መርፌው ከቀረ ማን ፔህልዋን ይለኛል?”

ላዱውን ዋጥኩና አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

“ፈረስ የልብ ሐኪም ጋ የማይሄደው የሚወስደው ዘመድ ስለሌለው ነው። እርስዎ ግን ሰው አለዎት። ይነሱ፣ ጠርሙሱን ያምጡ” አልኳቸው። አምጥተው ሰጡኝ። በየሳምንቱም ሐኪሙ ጋ የምወስዳቸው እኔ ሆንኩ።

ረመዳን መጥቶ ሄደ። አሁን ሸሚዛቸው ሰፍቷቸዋል። ሞተሩን የማሻግረው እኔ ነኝ፤ እሳቸው ደጃፋቸው ተቀምጠው ይቆጥራሉ፦ “አንድ፣ ሁለት፣ ሆፕ! አንተ ሲባጎ፣ ቁርስ አልበላህም እንዴ?”

አንዳንድ ቀን ሆን ብዬ ሞተሩን ቦዩ ውስጥ እለቅቀዋለሁ፤ እንደገና እንዲቆጥሩልኝ።