የብርሃን ወዳጆች አጥር

ታላላቅ ሐሳቦች ሁሉ መሥራች አላቸው፤ መሥራቾችም ሁሉ የመተዳደሪያ ደንብ አላቸው። ጡረታ የወጡት የላቲን መምህር ዶክተር ትራውጎት ቬንደልቦርን፣ ከበርሊን በባቡር ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ ሐይቅ ዳር «የብርሃንና የአየር ወዳጆች ማኅበር»ን ሲመሠርቱ አርባ ሰባት አንቀጽ ጽፈዋል። አንቀጽ አንድ «ልብስ የሰው ልጅ የመጀመሪያ ውሸቱ ነው» ይላል። አንቀጽ ሁለት «ራቁቱን የቆመ ሰው ጌታም ሎሌም አይደለም» ይላል። የቀሩት አርባ አምስቱ ስለ ሊቀ መንበሩ ሥልጣን ናቸው።

እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ዶክተሩ ዕድሜ ልካቸውን በስታርች የደረቀ ኮሌታ ሲያንቃቸው ኖረው፣ በስድሳ ዓመታቸው አንድ ማለዳ ዋኝተው ሲወጡ ፀሐይ ጀርባቸውን ብትነካቸው እንደ ሕፃን አልቅሰዋል። ይህን ግን ለማንም አልተናገሩም። ከዚያ ይልቅ ስብሰባ ጠሩ።

አሥራ አንድ አባላት ተገኙ። ሁሉም ሹመትና ማዕረግ ያላቸው ሰዎች ስለነበሩ፣ ልብሳቸውን ሲያወልቁ ማዕረጋቸውን ላለማውለቅ ተጠነቀቁ። ራቁታቸውን በሣር ላይ ተቀምጠው ጥሬ ጎመን እያላመጡ «የተከበሩ የፖስታ ቤት ተቆጣጣሪ ሆይ፣ እርጎውን ቢያቀብሉኝ» ይባባሉ ነበር።

የዶክተሩ ምኞት አንድ ብቻ ነበር። በሰኔ ወር፣ ቀኑ በሚረዝምበት ዕለት፣ የአገሪቱ የብርሃን ማኅበራት ጉባኤ ልዑካን መጥተው የአባላቱን ቆዳ ይመለከታሉ። ፀሐይ ጠግቦ የጠየመ ማኅበር «አርአያ» ይባላል፤ መሥራቹም ስሙ በፈር ቀዳጆች መዝገብ ይሰፍራል። ዶክተሩ ስለዚህ መዝገብ እያሰቡ እንቅልፍ አጥተው ነበር።

ነገር የጀመረው በድርቆሽ ነው። ድርቆሽ ሊሰበስቡ የወጡ የመንደሩ ሴቶች በሐይቁ ዳር ሲያልፉ ቆም ብለው ተመለከቱ።

«ምስኪኖች! ቤታቸው ተቃጥሎ ይሆን?» አለች አንዷ።

«ከእሳት ያመለጠ ሰው እንኳ ቢያንስ ሱሪውን ይዞ ነው የሚሮጠው» አለች ሌላዋ፤ ሳቃቸውን ለቀቁት።

ማኅበሩ በአስቸኳይ ተሰብስቦ፣ ሕዝቡ ለእውነት ገና ያልበሰለ ስለሆነ፣ እስኪበስል ድረስ አጥር እንዲታጠር ወሰነ። የመንደሩ አናጢ ኦትማር ግሪብ ተጠርቶ ሁለት ሜትር የሳንቃ አጥር አቆመ። አንቀጽ ሁለትንም በሰሌዳ ጽፈው ሰጡትና በሩ ላይ ቸነከረው።

ብዙም ሳይቆይ አንዱ ከባቡር መስኮት ላይ ሆኖ አፏጨ። ሐዲዱ ከፍ ያለ ነውና አጥሩ አምስት ሜትር ሆነ። ቀጥሎ ዜፕሊን የሚሉት አየር መርከብ በላያቸው ሲያልፍ፣ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ባርኔጣውን አንሥቶ በትሕትና ሰላምታ ሰጣቸው። የዚያኑ ዕለት ጣሪያ እንዲሠራ ተወሰነ።

«ጌታዬ» አለ ግሪብ ራሱን እያከከ፣ «ጣሪያ ካደረግንበት ፀሐይዋ በየት ትገባለች?»

«ፀሐይ የተፈጥሮ ኃይል ናት፤ መንገዷን ታውቃለች።»

«እሷስ ታውቃለች። ሳንቃው ነው እንጂ የማያውቀው።»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው። ግሪብ ጣሪያው ላይ ወጣ፤ ሙቀቱ ሲበረታበት ሸሚዙን አውልቆ መዶሻውን ያዘ። ከአባላቱ አንዱ የሆኑት የመድኃኒት ቀማሚው ባለቤት ወይዘሮ ኤልፍሪደ ከታች ራቁታቸውን ተንጋለው ሳሉ፣ ገና ባልተደፈነው ክፍተት ወደ ላይ ቢያዩ፣ የወንድ ደረት! ጩኸታቸው ሐይቁን ተሻገረ።

«በሴቶቻችን ፊት!» አሉ ዶክተሩ በአስቸኳይ ስብሰባው ላይ። «ያውም ደረቱን ገልጦ!»

ከአባላቱ አንዱ፣ ትንሽ ያፈረ ሰው፣ «ይቅርታ ዶክተር፣ እኛስ?» ብሎ ጠየቀ።

«የእኛ እርቃን ፍልስፍና ነው። የእሱ ሙቀት ብቻ ነው።»

ንግግሩ ተጨበጨበለትና ዶክተሩ አቤቱታ ጽፈው ፈረሙ። ማዘጋጃ ቤቱም ከባቡር ሐዲዱ ግራና ቀኝ ያለ ሸሚዝ የተገኘ ሰው እንዲቀጣ አዘዘ። የመንደሩ ፖሊስ ሳጅን ሩምፕ ግሪብን ከመሰላሉ አውርዶ ቀጣው። ግሪብ ከዚያ ወዲህ እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ላቡ እየተንጠፈጠፈ ጣሪያውን ጨረሰ።

የልዑካኑ ቀን ሲደርስ የብርሃን ወዳጆች ጓዳ ውስጥ እንደበቀለ የድንች ቡቃያ ነጥተው ነበር። ሁሉም ያስላሉ። መድኃኒት ቀማሚው «ለሕክምና» ብለው የሱፍ ሹራብ ደርበዋል። ዶክተሩ ጠዋት ክንዳቸውን በሻማ ብርሃን ቢያዩት ነጭ ነው። የስድስት ዓመት ድካም ውኃ ሊበላው ነው! የልዑካኑ ባቡር እስኪደርስ አንድ ሰዓት ቀርቷል። በሩን ከፍተው ወጡና በአጥሩና በሐዲዱ መካከል ካለው ሣር ላይ ራቁታቸውን ተጋደሙ።

ፀሐይዋ ጀርባቸው ላይ አረፈች። ለጥቂት ደቂቃ መዝገቡንም፣ ልዑካኑንም፣ አርባ ሰባቱንም አንቀጽ ረሱ። ደስ አላቸው፤ ዝም ብሎ ደስ አላቸው። በዚያ ሁሉ ዓመት ያለ ስብሰባ የተደሰቱት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ዶክተር፣ ይነሡ» የሚል ድምፅ መጣ። ሳጅን ሩምፕ ነበር።

«ሳጅን፣ እኔ ራቁቴን አይደለሁም። ብርሃን ለብሻለሁ።»

«መልካም። ቁልፎቹን ይቆልፉዋ!»

«ይህን የማይረባ ትእዛዝ የትኛው ደንቆሮ ነው ያመጣው?»

ሩምፕ ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ መነጽሩን አስተካከለ። «አቤት ባዩ ቬንደልቦርን ይላል። ዘመድዎ ነው?»

ክንዳቸውን ይዞ ሲያስነሣቸው ባቡሩ ኩርባው ላይ ዝግ ብሎ ደረሰ። ልዑካኑ በመስኮት ያዩት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ነጭ ሽማግሌ ራቁታቸውን ቆመው፣ የመንግሥት እጅ ክንዳቸውን ጨብጦ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንዱማ አለቀሰ።

ከሰዓት በኋላ፣ ሩምፕ ቅጣቱን ጽፎ ከለቀቃቸው በኋላ፣ በጣሪያው ሥር ንግግር ተደረገ። ጨለማ ስለነበረ የማንም ቆዳ አልታየም፤ የጠየቀም የለም።

«ሰማዕት!» አሉ የልዑካኑ መሪ። «የብርሃን ጠላቶች እጃቸውን የጣሉብዎት የመጀመሪያው ፈር ቀዳጅ! ለመሆኑ ያን ጨካኝ ትእዛዝ ያስወጣው ማን ነው?»

ዶክተሩ አፋቸውን ከፈቱ። አንድ ቃል ቢናገሩ ነገሩ ያበቃ ነበር። መዝገቡ ግን ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል፤ ብዕሩም ቀለም ተነክሮ ይጠብቃል።

«ስም መጥራት አልወድም» አሉ በትሕትና። «ይቅር ብያቸዋለሁ።»

ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ይባላል፤ ይህኛው ግን ከጮኸ በኋላ የመታሰቢያ ሐውልት ጠየቀ። የሐውልቱ ወጪ ስለበዛ በነሐስ ሰሌዳ ተስማሙ። «በዚህ ስፍራ ትራውጎት ቬንደልቦርን በብርሃን ጠላቶች እጅ ተያዘ» ተብሎ ተቀረጸ።

በሐምሌ ሐሩር ግሪብ ሰሌዳውን አጥሩ ላይ እንዲቸነክር ተጠራ። አባላቱ ከበው ቆመዋል። ግሪብ ጽሑፉን ቀስ ብሎ አነበበው፤ ከዚያ በጣቱ ከሥሩ ያለውን ባዶ ቦታ ለካ።

«ጌታዬ፣ የጠላቶቹ ስም ይጨመርበት? አንድ ስም ይበቃዋል።»

ዶክተሩ ቀሉ። በዚያ ዓመት ቆዳቸው ቀለም ሲያገኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«ግሪብ» አሉ፣ «ሸሚዝህ ተከፍቷል። ወይዛዝርት አሉ።»

ግሪብ ቆለፈና ሚስማሩን መታ።