ክብርት ወይዘሮ «ከምን በኋላ?»

በየመሥሪያ ቤቱ ነገር የማታሳልፍ አንዲት ሴት አትጠፋም። አለቃ ይቀየራል፣ ግድግዳው ይቀባል፣ እሷ ከነወንበሯ እዚያው ናት። እኛ ሆስፒታል፣ ካርድ ክፍል የነበሩት ክብርት ወይዘሮ «ከምን በኋላ?» ይባሉ ነበር። ስሙን ያወጣነው እኛው ነን፤ የምንጠራቸውም ዞር ሲሉ ነው። ፊት ለፊት ሲሆን «እትዬ» ነበሩ። አሁን በዚህ ዕድሜዬ ሳስበው ያ ሳቃችን ያሳፍረኛል።

ሥራቸው እንዲህ ነው። በሽተኛው ታክሞ ሲሄድ ካርዱ ወደሳቸው ይመጣል። ሐኪሙ የጻፈውን ያነቡና፣ ትራስ ከሚያህል መጽሐፍ የበሽታውን ቁጥር ፈልገው ካርዱ ላይ ያሰፍራሉ። እኔ በመስኮቱ ካርድ አወጣለሁ፤ ሁለት ልጃገረዶች ደግሞ ቁጥር የተጻፈባቸውን መልሰው ይደረድራሉ። እንደኔ ከስድስተኛ ክፍል ላቋረጠች ሴት ይህም ትልቅ ሥራ ነበር።

ጽሑፉ ያልተሟላ ካርድ የመጣ ዕለት ግን አለቀልን። አንድ ቀን አዲሱ ዶክተር «ፊት መቅላት» ብሎ ብቻ ጽፎ ላከ። ክብርትነታቸው መነጽራቸውን አወለቁ፤ ካርዱን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ሄደው በሩ ላይ ቆሙ።

«ዶክተር፣ ቀላ። እሺ። ከምን በኋላ?»

«እትዬ፣ ፊት አይደል እንዴ? ይቀላል።»

«የትራፊክ መብራትም ይቀላል። ለሱ ካርድ አላወጣንለትም።»

ልጁ እየሳቀ «ከዕድሜዋ የመጣ ይመስለኛል» ብሎ ጨመረበት። ይህን ጊዜ ባሰ።

«ይመስለኛል ቁጥር የለውም። ምክንያቱን ካላወቁት ያዩትን ብቻ ይጻፉ፤ እኔም ለመቅላቱ ቁጥር እሰጠዋለሁ። ግን መጀመሪያ ይጠይቋት እንጂ! የቱ ጋ ነው? ስንት ደቂቃ ይቆያል? ምን በልታ፣ ምን ጠጥታ ነው?»

ምስኪኗ በሽተኛ ከአውቶቡስ ፌርማታ ተጠርታ ተመለሰች። ሰልፉ እስከ ግቢው በር ተዘረጋ። እንዲህ እንዲህ ሲል ቢመረን «ሥራ ያጓትታሉ፣ ከቦታቸው ይነሱልን» የሚል ማመልከቻ ለኃላፊው ጻፍን። ከላይ ሁለተኛዋ ፈራሚ እኔ ነኝ።

በዚያው ሰሞን የኔ ፊት መቅላት ጀመረ። ጠዋት ጠዋት ካንገቴ ይነሳና ጉንጬን፣ ጆሮዬን ያነደዋል። ልጃገረዶቹ «ፍም» አሉኝ። ዶክተሩ ዘንድ ገባሁና «የምድጃ ሙቀት ነው» አልኩት። አምኖኝ ጻፈው።

ካርዴ እትዬ ጠረጴዛ ላይ ሲንከባለል ሰነበተ። አንድ ቀን ጠሩኝ።

«ነይ እስቲ አንቺ። ምድጃሽ ያለው ቤትሽ ነው። ፊትሽ የሚቀላው ግን እዚህ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ስምንት ቀን አየሁሽ። ከምን በኋላ ነው?»

«ከምንም።»

«ከምንም ቁጥር የለውም።»

እንባዬ መጣ፤ ሁሉንም ዘርግፌ ነገርኳቸው። ራስ ምታት ቢበረታብኝ «ግፊት ነው» ብዬ ለራሴ ፈርጄ፣ ከባለቤቴ የደም ግፊት ክኒን በየጠዋቱ አንድ አንድ እሰርቅ ነበር። እሱ የዋሁ ክኒኑ ከቀጠሮው በፊት እያለቀበት «መድኃኒት ቤቶቹ አጉድለው ነው የሚሰጡኝ» እያለ ከሰው ይጣላል፤ ከዚያ ሳይውጥ ይሰነብታል። እኔ ነኝ እንግዲህ በመስኮቱ «የሰው መድኃኒት እንዳትወስዱ!» እያልኩ የምጮኸው።

እትዬ አልተቆጡም። «ባልሽን ዛሬውኑ አምጪው» አሉ። መጣ። ግፊቱ ሲለካ ዶክተሩ ራሱ ደነገጠ፤ እዚያው አስተኛው። እኔንም ክኒኑን ሁለተኛ እንዳልነካ አስጠንቅቆ እውነቱን ካርዴ ላይ ጻፈ።

ባለቤቴ በሦስተኛው ቀን በእግሩ ወጣ። የኔም ፊት ረገበ። የቀረው ቁጥሩ ብቻ ነበር።

«ላንቺ የታዘዘ ቢሆን የመድኃኒቱ ጠባይ ነው ብዬ እጽፍ ነበር» አሉ እትዬ መጽሐፉን እየገለጡ። «ሳይታዘዝልሽ ከወሰድሽው ግን መመረዝ ነው የሚባለው።»

«እትዬ፣ በእናትዎ! ልጃገረዶቹ ያነቡታል። ምድጃ ይበሉልኝ።»

«ምድጃው ምን አደረገ?»

ጻፉት። ጠላኋቸው። እውነቴን ነው፣ ያን ሰዓት ጠላኋቸው።

ካርዱን ግን ልጆቹ የሚያነሱት ክምር ላይ አልጣሉትም። ዕድሜያቸውን ሙሉ «መደርደር የእግር ሥራ ነው፣ ጉልበት የለኝም» ሲሉ የኖሩት ሴትዮ ብድግ አሉ። በርጩማውን በእግራቸው ገፋ ገፋ አድርገው፣ እያቃሰቱ ወጡበት። ካርዴን ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከትክክለኛ ቦታው፣ ጣት ታህል እንኳ ሳያዛንፉ ሰኩት። ልጃገረዶቹ ምሳ ላይ ነበሩ። ማንም አላየም።

ሲወርዱ ትከሻዬን ተደገፉ።

«ማመልከቻውን ኃላፊው አሳየኝ» አሉ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ። «ፊርማሽ ያምራል። ቀን ግን አልጻፍሽበትም።»

ክኒኑን ከተውኩ አራተኛ ቀኔ ነበር። ያ እሳት ካንገቴ ተነስቶ እስከ ጆሮዬ ነደደ። እትዬ መነጽራቸውን አስተካክለው ፊቴን ትክ ብለው አዩኝ።

ከምን በኋላ እንደሆነ ግን አልጠየቁኝም።