ሊቀ ዳማ ምንተስኖት

በዚህ አገር ሦስት ዓይነት የዳማ ተጫዋች አለ፤ ሊስቅ የሚመጣ፣ ከሥራ ሊሸሽ የሚመጣ፣ ሊያሸንፍ የሚመጣ። ሁለቱን እግዜር ለጉርብትና ፈጠራቸው። ሦስተኛውን ለምን እንደፈጠረው በኃይሉ እስከ ዛሬ አልገባውም።

በኃይሉ ዘመሮ ከተማ ውስጥ ጎማ ይጠግናል። ከሱቁ ደጅ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ ራሱ የቀባውን የዳማ ሰሌዳ በሁለት አሮጌ ጎማዎች ላይ አስቀምጧል። መጫወቻው ቆርኪ ነው፤ ያንዱ ወገን በሆዱ፣ የሌላው በጀርባው ይደረደራል። መኪና ከመጣ ይሠራል፣ ካልመጣ ይጫወታል። ነገሩ ይኸው ነበር፤ ሊቀ ዳማ ምንተስኖት እስኪነሣ ድረስ።

ምንተስኖት ከመንገዱ ማዶ ስልክ ይጠግናል። ማዕረጉን በቀልድ የሰጠችው ቆሎ ሻጯ ሰርካለም ናት፤ እሱ ግን የምሩን ተቀበለው። ሌላው በስልኩ ዘፈን ሲያይ እሱ ከስልኩ ጋር ዳማ ይገጥማል፤ ስልኩ ካሸነፈው ምሳ አይበላም። አንድ ቀን ሰርካለም ብታስነጥስ "ሐሳቤን በተንሽው" ብሎ ጨዋታው እንደ አዲስ ይጀመርልኝ አለ። ቀብር ሲያልፍ ሁሉም ተነሥቶ ቆመ፤ እሱም ቆመ፤ ዓይኑን ግን ከሰሌዳው አልነቀለም። "ቆርኪ የሚያንቀሳቅስ አይጠፋም" አለ ኋላ ሲጠየቅ።

ይባስ ብሎ ሕግ አመጣ። "ተመልካች ዝም ይበል! የነካኸው ይሄዳል!" የዘመሮ ዳማ ደግሞ በተመልካች አፍ ነው የሚጫወቱት። አንዱ "ግፋው!" ይላል፣ ሌላው "ተው፣ ትበላለህ!" ይላል፤ ተጫዋቹ እጁን ብቻ ነው የሚያዋጣው።

ሕጉ ከሁሉም የከበደው በሽማግሌው በጋሽ ወዳጆ ላይ ነው። እሳቸው ከመጫወታቸው በፊት እያንዳንዱን ቆርኪ በጣታቸው ጫፍ ይዳስሳሉ፤ ማታ በጎቻቸውን ጉረኖ ሲያስገቡ ጀርባ ጀርባቸውን እየነኩ እንደሚቆጥሯቸው። ሳይነኩ ማሰብ አይሆንላቸውም።

"ጋሽ ወዳጆ፣ ነክተዋል!" አለ ምንተስኖት።

"ምኑን?"

"ሁሉንም።"

"ታዲያ ሁሉም ይሂዱ?"

"መጀመሪያ የነኩት ይሄዳል። ሕግ ነው።"

"ልጄ፣ እኔ እኮ ደኅና አደራችሁ እያልኳቸው ነው።"

ሰዉ ሳቀ፤ ምንተስኖት አልሳቀም። ጋሽ ወዳጆ መጀመሪያ የነኩትን ገፉ፤ ሦስት ተበላባቸው፤ ዱላቸውን አንሥተው ሄዱ። በማግሥቱ አልመጡም። በገበያ ቀን እንኳ የጎማ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ወደ ማዶ ተሻግረው አለፉ።

ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ የሽማግሌው የወሬ ቤት ያ ሰሌዳ ብቻ እንደነበረ በኃይሉ ያውቃል። ሰርካለምም አልማረችውም። "ባለ ሰሌዳው አንተ ነህ፤ ወይ እሱን ወይ እሳቸውን" አለችው። ልክ ናት። የሚለጠፍ ጎማ ይለጠፋል፣ የማይለጠፍ ይጣላል። ምንተስኖትን "ጨዋታህን ሌላ ቦታ ፈልግ" ሊለው ቆረጠ። ምንተስኖት ግን በዚያው ጠዋት ደብረ ብርሃን ውድድር አለ ብሎ አውቶቡስ ተሳፍሯል።

በኃይሉ ጋሽ ወዳጆን ቤታቸው ድረስ ሄዶ አመጣቸው። ያን ቀን ሁሉም እንደ ልቡ ሆነ፤ ተነካ፣ ተመለሰ፣ ተጮኸ። ከሰዓት በኋላ ግን ጨዋታው እንደ አልጫ ሆነ። ጋሽ ወዳጆ አሸንፈው እንኳ ፊታቸው አልፈካም።

"ምን ሆኑ?" አለ በኃይሉ።

"የሚናደድ ሰው የለም እኮ።"

"ታዲያ ይኼ አይሻልም?"

"እኔ እንጃ" አሉ ወደ ስልክ ቤቱ እያዩ። "ያ ልጅ መቼ ነው የሚመለስ?"

በኃይሉ ግራ ገባው። ያባረራቸውም እሱ፣ የናፈቃቸውም እሱ!

ምንተስኖት ቅዳሜ ተመለሰ። ሁለት ዙር አሸንፎ በሦስተኛው ወድቋል። በኃይሉ የሚናገረውን አሰናድቶ ነበር የጠበቀው። ምንተስኖት ግን ጋሽ ወዳጆን ሲያይ ከጥላው ጫፍ ቆመ።

"እዚያ ሁሉም ዝም ነው" አለ ሕመም እንደያዘው ሰው። "ሳሸንፍ የሰደበኝ አንድ ሰው የለም።"

"ለስድቡ እኔ አለሁልህ፤ ና ቁጭ በል" አሉ ጋሽ ወዳጆ። "ግን እነካለሁ።"

ምንተስኖት ሰሌዳውን አየ፤ ሽማግሌውን አየ። "እርስዎ ይንኩ" አለ በመጨረሻ። "እኔ አልነካም።"

በኃይሉ ያሰናዳውን ንግግር ትቶ ቆርኪውን ደረደረ።

ጨዋታው ሲጦፍ አንድ የጭነት መኪና ጎማው ተንፍሶ መጣ። ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። በኃይሉ ንቅንቅ አላለም፤ ምንተስኖት ተከቦ ነበር።

"ሊቀ ዳማ፣ ዛሬስ ማዕረግህን ልገፍፍህ ነው!" አለች ሰርካለም።

በኃይሉ አፉ ሳያስፈቅደው "በግራ! በግራ በኩል!" ብሎ ጮኸ።

የምንተስኖት እጅ አየር ላይ ቆመ። ግራው መዳኛው ነበር፤ እሱም አይቶታል፤ በተመልካች አፍ ግን አይጫወትም። "አልሰማሁም" አለና በቀኝ ገፋ። ጋሽ ወዳጆ ሁለት በልተው ነገሡ። የቆርቆሮው ጥላ በሳቅ ተናጋ። ምንተስኖት በንዴት እስከ ጆሮው ቀላ።

ሹፌሩ ጩኸቱን ሰምቶ ከመኪናው ወርዶ ነበር። "ማነው የተሸነፈው?" ብሎ ጠየቀ።

"እኛ" አለ በኃይሉ፤ ክሪኩን አንሥቶ ወደ መኪናው ሄደ።