ሜትሩ ያጠረበት ጭንቅላት

«ዋናው የጭንቅላት መጠን ሳይሆን በውስጡ ያለው ነው» የሚሉ ሰዎች ሁሉ ጭንቅላታቸው ትንሽ ነው! አጣርቻለሁ።

የኔ ትልቅ ነው። ምን ያህል? አንገተ ጠባብ ሹራብ ስለብስ ሰው ይዞ ይጎትትልኛል። ወናጎ ከተማ ያለው ፀጉር አስተካካዬ ገና በሩ ላይ ሲያየኝ «ዛሬ እንኳ ወረፋ አለብኝ…» ይላል። እኔ ግን አንድም ቀን አፍሬበት አላውቅም። ትልቅ ጭንቅላት የትልቅ አእምሮ ምልክት ነው እያልኩ ባለቤቴን ምህረትን ስሰብካት ኖሬያለሁ። እሷም «እሺ» ትላለች። እሺታዋን ግን እናንተ አልሰማችሁትም!

ባለፈው ሳምንት የአራት ወር ልጃችንን ጸጋን ለክትባት ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርሷ በጭንቅላቷ ዙሪያ ሜትር አዞረች። ካርዱን አየች። እንደገና ለካች። ለሦስተኛ ጊዜ ስትለካ ክው አልኩ። ልብስ ሰፊ እንኳ ሦስቴ አይለካም እኮ!

«ለዕድሜዋ ከፍ ይላል» አለችን። «አንዳንዴ ጭንቅላት ውስጥ ውሃ ሲጠራቀም እንዲህ ይሆናል። ለማንኛውም ዲላ ሄዳችሁ ሐኪም ይያት።»

ውሃ! ምህረት ልጇን እቅፍ አድርጋ እንባዋ መጣ። እኔም ያንን ሁሉ ጭንቅላት ተሸክሜ አንዲት የማጽናኛ ቃል አጣሁበት።

ወደ ዲላ በሚወስደን ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፊቴን አይቶ «ምነው ጋሼ፣ ሰላም አይደሉም?» አለኝ። ነገርኩት። ለካ ባዮሎጂ ነው የሚማረው።

«አይጨነቁ። የዝሆን አንጎል እኮ ከሰው በብዙ ይበልጣል።»

«ልጄ ዝሆን ናት?»

«ኧረ እንደሱ አይደለም! ዋናው ከሰውነት ጋር ሲነጻጸር ነው። በዚያ ከሄድን ደግሞ ትንንሽ ጉንዳኖች ሰውን ያስከነዳሉ።»

«አሁን ደግሞ ጉንዳን አደረግካት?»

ራስ ሳይጠና ጉተና ይሏል ይሄ ነው! ግን ምህረት በእንባዋ መሃል ፈገግ ስትል አየኋትና ለሷ ስል ይቅር አልኩት።

ዲላ ያገኘናት ዶክተር ረጋ ያለች ሴት ናት። የጸጋን እርግብግቢት ዳሰሰች፣ ዓይኗን አየች፣ አሻንጉሊት እያንቀሳቀሰች በዓይኗ አስከተለቻት። ጸጋ ሳቀችላት። ከዚያ ዶክተሯ ቀና አለችና… እኔን አየች። ቆየት ብላ አየችኝ።

«አባቷ፣ እስቲ ይቀመጡ። የእርስዎን ልለካው።»

«የኔን? እኔ ጤነኛ ነኝ!»

«አውቃለሁ። ይቀመጡ።»

የሕፃናቱ ሜትር ከግንባሬ ተነሣ፤ ቀኝ ጆሮዬን፣ ማጅራቴን፣ ግራ ጆሮዬን አልፎ ግንባሬ ላይ ሊገጥም ሁለት ጣት ሲቀረው… አለቀ!

ዶክተሯ ከንፈሯን ነከሰች። «ሲስተር! ረጅሙን ሜትር አምጪልኝ!»

ጥሪውን የሰሙ እናቶች ልጆቻቸውን እንደታቀፉ በበሩ አንገታቸውን አሰገጉ። ረጅሙ መጣ። በሕዝብ ፊት ተለካሁ። ዶክተሯ ቁጥሩን ጽፋ ካርዱን ዘጋችና፦

«ልጅቷ ምንም አልሆነችም። ለጥንቃቄ በየወሩ አምጧት እንጂ፣ ይሄ በዘር የመጣ ነው። በአባቷ ወጥታ ነው» አለች።

ምህረት እፎይ ብላ ልጇን ደጋግማ ሳመቻት። ከዚያ ወደኔ ዞረች፤ ከላይ እስከ አንገቴ ድረስ አየችኝ።

«እኔ ደግሞ በሽታ መስሎኝ!» አለች፤ «ለካ አንተ ነህ!»