አቶ ተቀናሽና የመስኮቱ ወንበር

ቀጣሪ የሌለው፣ ለራሱ የሚሠራ ሰው ባለበት ሰፈር ሁሉ፣ ሲያስነጥሰው እንኳ ደረሰኝ የሚጠይቅ አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛው መጋረጃ ሰፊው ጎረቤቴ ነው። ክቡር አቶ ተቀናሽ እንለዋለን፤ በእሱ ቤት በዓለም ላይ ያለው ነገር ሁሉ ከግብር የሚቀነስ የሥራ ወጪ ነውና።

መነጽር ሲያሠራ፣ "ሳላይ ልስፋ እንዴ? የሥራ ወጪ ነው!" ጫማ ሲያስጠግን፣ "የስፌት መኪናዋን በባዶ እግሬ ልርገጣት?" አንዴ ለሚስቱ ሽቶ ገዛላትና ደረሰኙን ኪሱ ሲከት አየችው።

"ይሄንንም?"

"ደንበኛ የምትቀበይው አንቺ አይደለሽ?"

እስኪበቃው አኮረፈችው።

ከሁሉም የሚኮራባት የሥራ ክፍሉ ናት። ለሥራ ብቻ ከዋለች የቤት ኪራዩ ሲሶ በወጪ ይያዝለታል። ስለዚህ ልጆቹ እዚያ ከረሜላ እንኳ አይልሱም። "ውጡ! እዚህ የሚኖረው መርፌ ብቻ ነው!"

እኔን አሮጊቷን ግን አንድ ቀን ይውጡ ብሎኝ አያውቅም። የእኔ ቤት ፀሐይ አይገባውም፤ ጉልበቴ ደግሞ ብርድ አይችልም። ከሰዓት በኋላ እሱ ጋ መስኮቱ ሥር እቀመጣለሁ። የወንበሯን ትራስ ከተረፈ አረንጓዴ መጋረጃ የሰፋልኝ እሱ ነው፤ ክር አልቆበት አንዱን ጥግ በጥቁር ጨርሶታል።

አንድ ቀን የግብር ሠራተኛዋ ክፍሏን ልታይ መጣች። አቶ ተቀናሽ ላብ በላብ ሆኖ መቀሱን፣ ካውያውን፣ የጨርቁን ጥቅል አሳያት። ሁሉም ደስ አሰኛት። ልትወጣ ስትል ዘወር አለች።

"እኚህ እናትስ? ደንበኛ ናቸው?"

"አዎ... መጋረጃ..." ብዬ ልዋሽለት ሞከርኩ።

ወደ እኔ አየ፤ ወደ ትራሱም አየ።

"አይ፣ ደንበኛ አይደሉም። እማማ ናቸው። ወንበሯም የእሳቸው ናት፤ ፀሐይ ይሞቁባታል።"

"እንግዲያው ክፍሉ ለሥራ ብቻ አይደለማ!"

"አይደለም" አለ፣ ጥርሱን እንደተነቀለ ሰው።

የክፍሉ ቅናሽ ቀረ። በማግስቱ አፍሬ ቤቴ ዋልኩ። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጥቶ በሬን አንኳኳ።

"እማማ፣ ምን ሆነው ቀሩ?"

"በምን ፊቴ ልምጣ ልጄ? አከሰርኩህ እኮ።"

"ይነሱ እንጂ! ሙሉ ግብር የምከፍልበት ወንበር ባዶውን ሊውል ነው?"